የዘገየውን የልጄን የኤስኤቲ ውጤት ለኮሌጁ ላደረሱልን ካውንስለር የቀረበ ምስጋና

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ በተለይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ላላችሁ ወላጆች ሁሉ፤ ይህን የምጽፈው ልጄ በምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሠሩትን ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) በአደባባይ ለማመስገን ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ በኖቬምበር ልትፈተንበት የነበረው ጣቢያ በመጨረሻ ሰዓት በመሰረዙ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የወሰደችው በዲሴምበር ነበር። ውጤቱ የሚወጣው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ያውም ቢሮዎች ለገና በሚዘጉበት ሰሞን ሲሆን፣ የማመልከቻው ማብቂያ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ነበር። ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ፈተናውን በተማሪው ምርጫ ላይ ትተውት እንደነበር የታወቀ ነው፤ ሆኖም ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትመዝና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 ግዴታውን መልሰዋል። ልጄ ከልቧ የምትመኘው ኮሌጅም ውጤት የግድ ከሚጠይቁት አንዱ ነው። ውጤቱ ከተላከ በኋላ እንኳን የኮሌጁ ፖርታል (አመልካቾች ሰነዳቸው መድረሱን የሚያዩበት ድረ ገጽ) ጃንዋሪን ሙሉ «አልደረሰም» ይል ነበር።

በዚህ መሃል ያየነው እንግልት እስካሁን ያንገበግበኛል። ማመልከቻ አስጨርሳለሁ ብሎ ጠቀም ያለ ገንዘብ የተቀበለን ሰው መጀመሪያ ስልካችንን ማንሳት አቆመ፤ በስንት ፍለጋ ስናገኘው ውጤቱን ደግሞ ለማስላክ ሌላ ክፍያ ጠየቀን፤ ያንንም ከከፈልነው በኋላ «ቀኑ አልፏል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ጠብቁ» ብሎ አሰናበተን። የደወልንባቸው ቦታዎችም አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋን ከረሙ። ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለፋችበትን ነገር በእጅ ይዞ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። ልጄ ምግብ አልዋጥ ብሏት፣ እኔም ከሌሊት ሥራ ስመለስ የክፍሏን መብራት ሳይጠፋ አገኘው ነበር።

ካውንስለሯ ዘንድ የገባነው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ካፖርታቸውን ለብሰው ሳለ ነው። ልጄን ከመናገሯ በፊት እንባ ሲቀድማት፣ ካፖርቱን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉና ተቀመጡ። የፈተናውን ውጤትና ማመልከቻውን አትመው ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ በእርሳስ ጫፍ እያንዳንዱን ፊደል እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። እንደ አገራችን ልማድ የልጄ ስም ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ነው የሚጻፈው፤ በፈተናው መዝገብ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የገባው የአባቷ ስም ሲሆን፣ በማመልከቻው ላይ ግን በግሪን ካርዷ መሠረት የአያቷ ስም ነበር። ለካ ውጤቱ ኮሌጁ ከደረሰ ቆይቷል፤ የማን እንደሆነ ባለመለየቱ ብቻ ከማመልከቻዋ ጋር ሳይገናኝ ተቀምጧል። ይህን ያህል ሰው አይቶት ያላየውን እሳቸው በአንድ መቀመጫ አዩት።

እዚያው እኛ ፊት ለኮሌጁ አድሚሽን (የተማሪዎች ቅበላ) ቢሮ ደወሉ፤ ሁለቱም ስሞች የአንዲት ተማሪ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤም በትምህርት ቤቱ ስም ጽፈው ላኩ። በኮምፒዩተሩ የሠሩትን ሌላ ነገር እኔ ላስረዳው አልችልም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ፖርታሉ «ደርሷል» አለ። ማመልከቻው በሰዓቱ ከገባ ዘግይቶ የሚመጣ ውጤትን የሚቀበሉ ኮሌጆች ብዙ መሆናቸውን፣ ደንባቸው ግን ስለሚለያይ ኮሌጁን ራሱን መጠየቅ እንደሚገባ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ልጄ በትምህርት ቤት የነፃ ምሳ ተጠቃሚ ስለሆነች ፊ ዌቨር (ከፈተናው ክፍያ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ) እንደሚገባት፣ በእሱም ውጤቷን ለፈለገችው ኮሌጅ ሁሉ ያለ ክፍያ መላክ እንደምትችል ያወቅነውም ያን ቀን ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የተቀበለን ሰው ይህን አንድ ጊዜ እንኳን አላነሳልንም።

ስለዚህ ወላጆች፣ እባካችሁ ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት የልጃችሁን ካውንስለር አነጋግሩ። እባካችሁ፣ ቀኑ አለፈ ሲሏችሁም ተስፋ አትቁረጡ። እንግሊዝኛ ያስቸግረናል ብላችሁም አትቅሩ፤ እኚህ ሴት ለእኔ በስልክ አስተርጓሚ አስገብተው ሁሉንም በአማርኛ አስረድተውኛል። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ትቼዋለሁ፤ ልጁ እዚያው ትምህርት ቤት የሚማር ወላጅ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቢሯቸው የት እንደሆነም ጭምር እነግረዋለሁ።