ጎማ ማጥቆሪያ ልትገዙ ነው? ነጩ፣ ዘይታሙ፣ ጄሉና ስፕሬዩ ጎን ለጎን (ከተማ ዳር ለምንኖር)

ለገጣፎ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ቱሉ ዲምቱ ምናምን ሚኖር ሰውና ቀኑን ሙሉ ቦሌ አስፋልት ላይ ሚነዳ ሰው አንድ አይነት ጎማ ማጥቆሪያ መግዛት የለባቸውም። እኛ ከዋናው አስፋልት ወርደን ቤት እስክንገባ ወይ ኮብልስቶን ነው ወይ ፒስታ፣ በጋ አቧራው ክረምት ዋልካው፣ ስለዚ ቪዲዮ ላይ እንደዛ ሚያብለጨልጨውን ጎማ አይታችሁ እሱን ካልገዛሁ ካላችሁ ግቢ በር ሳትደርሱ ጎማው ጤፍ ዱቄት ላይ የተንከባለለ ነው ሚመስለው። ካብለጨለጨ ላዩ ላይ ቅባት አለ ማለት ነው፣ ቅባት ደሞ አቧራ ይይዛል። የኔን ምርጫ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ በውሃ የተሰራው ነጩ ነው፣ ደረቅ ብሎ ጥቁር ሚያረገው። ግን እሱም ማይሆንበት ጊዜ አለ።

ነጩና ዘይታሙ

ስሙና ጠርሙሱ ብዙ ነው እንጂ ፈሳሹ በዋናነት ሁለት አይነት ነው። ሁለቱም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ሚባል ቅባት አለ፣ ልዩነቱ ሲሊኮኑ በምን እንደተበጠበጠ ነው፣ ነጩ በውሃ ነው፣ ዘይታሙ ደሞ ከነዳጅ ዘር በሆነ ማሟሟያ። "ሲሊኮን ጎማ ይበላል" ሲባል ትሰማላችሁ፣ ሲሊኮኑ እንኳን ብዙም ችግር የለውም፣ ችግሩ ያለው ማሟሟያው ጋ ነው። ፋብሪካው ጎማው ውስጥ ሰምና ከኦዞን (አየር ውስጥ ያለ ላስቲክ ሚሰነጥቅ ጋዝ) ሚከላከል ኬሚካል ይጨምራል፣ እነዚህ ቀስ እያሉ ወደ ላይ እየወጡ ጎማው እንዳይሰነጣጠቅ ይጠብቁታል፣ የነዳጅ ዘር ነገር ቶሎ ቶሎ ከተቀባ ግን እነሱን ጠራርጎ ነው ሚወስደው። ያለንበት ቦታ ደሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ ይጠነክራል፣ መኪናው ቀኑን ሙሉ ደጅ ሚቆም ከሆነ ጎማው ያንን መከላከያ በጣም ይፈልገዋል።

ሱቅ ላይ ቆማችሁ እንዴት ትለያላችሁ? ሻጩን አትጠይቁት፣ ሁሉም "ኦርጅናል ነው" ነው ሚላችሁ። ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ የተሰራው ነው፣ ጥርት ያለ ሆኖ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ከሸተታችሁና ጠርሙሱ ላይ የእሳት ምልክት ካለው ዘይታሙ ነው። ከጀሪካን በሃይላንድ እየተቀዳ ሚሸጠውን ከሆነ ምትገዙት ምልክት ሚባል ነገር የለውም፣ ስለዚ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ አርጉበት፣ ውሃው ደመና መስሎ ከተደባለቀ ነጩ ነው፣ ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ ገባችሁ። ነጩ ሲቀዳ ውሃ ተጨምሮበት ሊሆን እንደሚችልም አስቡ። በርግጥ ወፍራም ሆነው ተሰርተው በውሃ አቅጥኑ ሚባሉም አሉ፣ ስታቀጥኗቸው ማብለጭለጫቸው ይቀንሳል፣ ለኛ አቧራ እንደውም ጥሩ ነው፣ ግን የቀጠነውን በወፍራሙ ዋጋ እንዳትገዙ።

የዘይታሙ ጥቅም ምንድነው ካላችሁ ያብለጨልጫል፣ ዝናብም ቶሎ አያጥበውም። ለሰርግ አጃቢ ወይ መኪናው ሊሸጥ ፎቶ ሊነሳ ከሆነ አንድ ቀን ቢቀባ ጎማው አይሞትም። በየሳምንቱ ግን እኔ አልቀባም።

ጄልና ስፕሬይ

ጄሉ ወፍራም ስለሆነ በስፖንጅ ነው ሚቀባው፣ አይንጠባጠብም፣ ንፋስ አይወስደውም፣ ከነጩም በላይ ይቆያል። ክረምት ላይ መቀባት ግድ ከሆነባችሁ እሱ ነው ሚሻለው ምክንያቱም ውሃውን ያንሸራትተዋል። ለአንድ ጎማ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ይበቃል፣ ማለትም ግማሽ ሊትሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ አራቱንም ጎማ ይቀባል። ዋጋ ስታወዳድሩ የጠርሙሱን ዋጋ ሳይሆን ለስንት ጊዜ እንደሚሆን አስሉት፣ እንደዛ ሲታይ ውድ የመሰለው ጄል ብዙ ጊዜ ከስፕሬዩ ይረክሳል።

ስፕሬይ (አረፋ ሚሆነው) ሰነፍ ሚወደው ነገር ነው፣ ረጭቶ መሄድ። "ያጸዳልም ያጠቁራልም" ይላል ግን የኛን ጭቃ አያጸዳውም፣ ላዩ ላይ ያጠቁረዋል እንጂ። ግማሹ ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ ዲስክ ወይ ሸራ ላይ ካረፈ ደሞ ፍሬን ነው ምትነኩት፣ ቀልድ የለውም። ጋዙም ተቀጣጣይ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ አታቆዩት ሚል ጽሁፍ ታገኛላችሁ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ ጥሎ መሄድ አይሆንም።

ቤት ውስጥ ሚሰራውስ?

የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ በጥብጠው ሚቀቡ ላቫጆዎች አሉ፣ ሲቀባ ያምራል፣ ርካሽ ነው፣ ከሁሉም የባሰው ግን እሱ ነው፣ ናፍጣ የጎማውን ላስቲክ ያሳብጣል ያለሰልሳል። አጣቢውን ልጅ "ምንድነው ምትቀባው?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱም አይከፋቸውም። ቫዝሊንም ያው ከነዳጅ የወጣ ነው፣ እሱ ላይ ደሞ አቧራው እንዴት እንደሚጋገር አትጠይቁኝ። ግሊሰሪን ከፋርማሲ ገዝተው በውሃ አቅጥነው ሚቀቡም አሉ፣ ይሄኛው ጎማውን አይጎዳውም፣ ያጠቁራልም፣ ግን ውሃ ውስጥ ሟሚ ስለሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ይዞት ይሄዳል፣ እርጥበት ስለሚስብም አቧራ ይይዛል። ጥቅምትና ህዳር ላይ ብር ለመቆጠብ ከሆነ ግን አልቃወምም።

ማጠቢያው ላይ ነው ጨዋታው

ብዙ ሰው ብሩን ማጥቆሪያው ላይ ያፈስና ጎማውን በውሃ ብቻ ያስመታዋል። ጎማ ላይ ሚታየው ቡኒ ነገር ሁሉ ጭቃ አይደለም፣ ቅድም ያልኳችሁ ከኦዞን ሚከላከለው ኬሚካል ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ስራውን ሲሰራ ቡኒ ይሆናል፣ እሱ ላይ የድሮ ማጥቆሪያ ተደርቦበታል፣ እዛ ላይ ምንም ብትቀቡ አይይዝም። ጠንከር ያለ ብሩሽ (የሽቦ አይደለም) ያዙና በአረፋ ፈትጉት፣ መጀመሪያ ሚወጣው አረፋ የቡና አተላ መስሎ ነው፣ አጥቡትና ድገሙት፣ አረፋው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ያኔ ጸድቷል።

በምን ይታጠብ? የጎማ አምራቾቹ ራሳቸው ለስላሳ ሳሙናና ውሃ ነው ሚመክሩት፣ ስለዚ ላርጎ ለመደበኛ እጥበት ይበቃል። ኦሞ ይበልጥ ያነሳል ግን ጠንካራ ነው፣ በደምብ ካልተለቀለቀ ይደርቃል፣ የመኪናው ቀለም ላይ ያለውን ዋክስም ያነሳል፣ ስለዚ የኦሞውን ባልዲ ለጎማ ብቻ አርጉት። ለጎማ ተብሎ ሚሸጠው ማጽጃ ከሁለቱም ፈጥኖ የድሮውን ቅባት ይቆርጣል፣ ለመጀመሪያው ትልቅ ጽዳት ነው ምፈልገው፣ ከዛ በኋላ ላርጎ ነው። በረኪና በፍጹም። የቸርኬ አሲድም ለጎማ አይደለም።

ሲቀባ

ጎማው በደምብ ይድረቅ፣ በተለይ ለነጩ፣ እርጥብ ላይ ከቀባችሁት ይዥጎረጎራል። ስስ አርጋችሁ ቀቡ፣ 10 ወይ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ይሄን ያልጠረገ ሰው አስፋልት ላይ ሲፈጥን ጥቁር ነጠብጣብ ፓራፋንጎውና በሩ ላይ ያገኛል፣ ነጭ መኪና ከሆነማ አትጠይቁ። ጥርሱ ላይ አይቀባም፣ ጎኑ ላይ ብቻ። ሞተር ሳይክል ላይ ደሞ ጭራሽ አትቀቡ፣ ሲታጠፍ ሚያርፈው ጎኑ አካባቢ ላይ ነው፣ ያንሸራትታል።

ክረምት ላይ የኔ ነገር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አካባቢ ማጥቆሪያ አልገዛም፣ ማጠቢያ ብቻ። ጠዋት የተቀባው ማታ ዋልካ ስር ነው።

እግረ መንገድ ደሞ ያገለገለ መኪና ልታዩ ከሄዳችሁና ደላላው ጋ ጎማዎቹ ጥቁር ብለው ከጠበቋችሁ እርጥብ ጨርቅ በሳሙና ይዛችሁ አንዱን ጎን ፈትጉት፣ ስንጥቁ ማጥቆሪያው ስር ሊደበቅ ይችላል። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሁፍ ጋር ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እዩ፣ 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው በኛ እንዳትቆጥሩት፣ በኛ 2011 ነው። ቁጥሩ እናንተ ባላችሁበት ጎን ካልታየ በሌላው በኩል ተጎንብሳችሁ ፈልጉ፣ ሙሉው ብዙ ጊዜ አንድ ጎን ላይ ብቻ ነው ሚጻፈው።