«ብርቅዬ ነጭ» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን የሼልቲ ቡችላ አትግዙ

እዚህ አሜሪካ ለልጆቻችሁ ውሻ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ዓይናችሁ ሼልቲ በተባለው ትንሽ የበግ እረኛ ውሻ ዝርያ ላይ ካረፈ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እህቴና ባለቤቷ ከአንድ አርቢ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነጭ የሆነች ቡችላ ገዙ። ሰውየው «ቀለሟ ብርቅዬ ነው» ብሎ ከወንድሞቿ ዋጋ እጥፍ ተቀበላቸው። ቡችላዋ ቤት ከገባች በኋላ ስሟ ቢጠራ ዞር አትልም። ከኋላዋ ቆሜ ድስት በማንኪያ ደበደብኩ፤ ጆሮዋ ንቅንቅ አላለም። የእንስሳት ሐኪሟ መርምራ ሁለቱም ጆሮዎቿ እንደማይሰሙ፣ አንድ ዓይኗም ሳያድግ እንደቀረ ነገረቻቸው። አርቢው ሲደወልለት የጠቀሰው ውሉን ነው፦ ዋስትናው ሁለት ቀን ብቻ፣ ያውም በሌላ ቡችላ ለመለወጥ እንጂ ገንዘብ ለመመለስ አይደለም። ልጆቹ እንደሆኑ ለምደዋታል፤ እግራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ እያደረጉ ይጠሯታል።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ብሉ ሜርል የሚባለው ዝንጉርጉር ግራጫ ቀለም ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ያማረ ውሻ ይወጣል። ሁለት ሜርሎች ከተዳቀሉ ግን እያንዳንዱ ቡችላ የዚህን ቀለም ዘረመል ከሁለቱም የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንዲህ ያለው ቡችላ አብዛኛው አካሉ ነጭ ይሆናል፤ መስማት ወይም ማየት የተሳነው ሆኖ የመወለድ አደጋውም ከፍተኛ ነው። ሼልቲ የሚያረባ ሰው ይህን አላወቅሁም ቢል አልቀበለውም። እርግጥ ነው፣ ጭንቅላቱ ባለቀለም ሆኖ ገላው ነጭ የሆነ ጤነኛ ሼልቲም አለ፤ መነሻው ሌላ ዘረመል ነው። ቢሆንም በውሻ ትርኢት ከግማሽ በላይ ነጭ የሆነ ሼልቲ ነጥብ በብዛት ይቀነስበታል። ታዲያ እጥፍ ዋጋው ከየት መጣ?

ስለዚህ ሁለቱንም ወላጆች በዓይናችሁ እዩ። ቡናማ መስሎ ሜርልን ደብቆ የሚይዝ ውሻ ስላለ የዘረመል ምርመራ ወረቀትም ጠይቁ። ለነጭ ቡችላ የእያንዳንዱ ጆሮ የመስማት ምርመራ ውጤት ይቅረብላችሁ። የዓይን ምርመራው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ውስጥ መደረግ አለበት፤ ከዚያ በኋላ አንዳንዱ የዓይን እክል በቀለም ተሸፍኖ ላይታይ ይችላል። ኤምዲአር ዋን የተባለው የዘረመል ለውጥ እንዳለበትና እንደሌለበትም እወቁ፤ ያለበት ውሻ አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ቢሰጠው ለሞት ሊዳረግ ይችላል።

«ሚኒ ሼልቲ» የሚባል ዝርያም የለም። የዝርያው መለኪያ ትከሻው ላይ ከ33 እስከ 41 ሴንቲሜትር ነው፤ በጣም ያነሰ ቢወለድ ልዩ ዋጋ የሚያስከፍል ምክንያት አይሆንም።

አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ሻጭ «ዝምተኛ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። ሼልቲ በስኮትላንድ የሼትላንድ ደሴቶች በጎችን ከእርሻ እየጮኸ ሲያባርር የኖረ ውሻ ነው፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ይጮኻል፣ የሚሮጡ ልጆችንም እንደ በግ ሊሰበስብ ይሞክራል። ብልህና ታዛዥ በመሆኑ ከቡችላነቱ ቢሠለጥን ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ አይጠፋም። ፀጉሩ ድርብ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ሥሩ ይበጠራል። በበጋ ይቀዘቅዝለት ብላችሁ አታስላጩት፤ ፀጉሩ ከፀሐይም ይከላከልለታል፣ ከተላጨ በኋላም እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል።

ገዝታችሁ ከሆነ ቡችላውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳችሁ ወደመረጣችሁት ሐኪም ውሰዱ እንጂ ሻጩ ወደሚልካችሁ አትሂዱ። በበርካታ ግዛቶች የታመመ ቡችላ የተሸጠለትን ገዢ የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ነገር ግን የአቤቱታ ጊዜው አጭር ነው፣ የሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫም ይጠይቃል። ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኙንና ሻጩ የጻፈላችሁን መልእክት ሁሉ አስቀምጡ።