ደሴ የገዛሁት የፊደል ካርድ (ኬጂ ልጅ ላላችሁ)

ልጄ ኬጂ ገብታ ብዙም ሳይቆይ ከሀ እስከ ፐ እንደ መዝሙር ታወርደው ጀመር፣ እኛም ማሻአላህ እያልን ለመጣ እንግዳ ሁሉ በይ አሳዪ እንላታለን፣ አስተማሪዋም ፊደል ጨርሳለች ብላኛለች። አንድ ቀን ግን ገበታው ላይ ስትጠቁም ቀረብ ብዬ ሳይ ጣቷ ለ ላይ ነው፣ አፏ መ ጋ ደርሷል። በ ን ነጥዬ ይሄ ማነው ስላት ከሀ ጀምራ ዝቅ ባለ ድምፅ እየዘመረች ካልደረሰችበት አታውቀውም። በጣም ነው የደነገጥኩት።

ከዛ ፒያሳ ካለ ጽህፈት መሳሪያ ቤት ይሄን ካርድ በ350 ብር ገዛሁ። 33ቱ ፊደል በሰባት በሰባት፣ 231 ካርድ። የወደድኩለት መበተኑን ነው፣ ተራ ስለሌለው በዜማ ማለፍ አይቻልም፣ የግድ ማየት አለባት። አባቴ ሲያይ እኛም ቁርአን ቤት ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ መሀል መሀሉን እየነኩ ነበር የሚጠይቁን አለኝ። ቡና እስኪፈላ ምንጣፉ ላይ አምስት አምስት እዘረጋላታለሁ፣ በ እና ጠ እየተምታቱባት ሲያስቸግሯት ሰንብተው አንድ ቀን "እማ ይሄኛው ሶስት እግር አለው" አለችኝ በራሷ። ከዛ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ ደርድሬ ጭረቱ ወገቡ ላይ ሲሆን፣ እግሩ ስር ሲሆን፣ ቀለበት ሲሆን አሳየኋት፣ ሉ ሊ ሌን ሳልነግራት አነበበችው!! ሳድሱ ነው አስቸጋሪው፣ ል ብ ም አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፣ እሱ ላይ አብሽሩ ቀስ በሉ።

ጉድለት አለው። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ጠርዙ ባንድ ወር ተላጠ። ሀ ሐ ኀ ድምፃቸው አንድ መሆኑን የሚያስረዳ ነገር የለውም፣ የቱ ነው ትክክለኛው ስትለኝ ሁለቱን ለጊዜው አንስቼ አስቀመጥኳቸው። አብሮት የሚሸጠው የመልመጃ ደብተር ግን ለአምስት አመት ልጅ እጅ አይሆንም፣ ነጥቦቹ ደቃቃ መስመሩ ጠባብ፣ እልህ ይዟት እርሳሱን ሰበረችው። አሁን የግቢው ቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ትልልቅ አድርጋ ነው የምትጽፈው።

ባለፈው ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ታክሲው ቆም ባለበት ዳ...ቦ...ቤ...ት ብላ ታፔላ አነበበች፣ ሾፌሩ ሁላ ዞሮ አያት። ካርዱን ግዙ፣ ደብተሩን ተዉት።