የገና ጥሪ ከሚሲዮን፦ ምስሉ ይቅር፣ የቤቱን ድምፅ አትቁረጡብን

ልጁን ወይም እህቱን ለሚሲዮን አገልግሎት ባሕር ማዶ ሸኝቶ ገናን በስልክ የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለ፣ የስም ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ለመለጠፍ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ወጣትም ካለ፣ ይህችን ያንብብልኝ። የምገመግመው የቪዲዮ ጥሪን ነው። በሦስት ገናዎች ሞክሬዋለሁ፤ ሁለቱን ከወዲያ ማዶ ሆኜ፣ አንዱን ቤት ቁጭ ብዬ። ለሥራ ስብሰባ ምንም አይወጣለትም። ለገና ግን እንዳለ ከተጠቀማችሁበት ከ5 ኮከብ 2 እሰጠዋለሁ። አንዲት ማስተካከያ ነክታችሁ ከተጠቀማችሁበት 4። እሷን ማስተካከያ ለማግኘት ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ገና የምለውም የዲሴምበር 25ቱን ነው።)

ያገለገልኩት በኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን ነው። ሴቶች 18 ወር፣ ወንዶች 24 ወር ነው የምናገለግለው። የምንሄድበትን አገር አንመርጥም፤ ለእኔ ጥሪው በደብዳቤ ነበር የመጣው። ሁለት ሁለት ሆነን እንኖራለን፣ ከጓደኛችን ዓይን አንርቅም፣ በስማችንም አንጠራም፤ «እህት» ወይም «ሽማግሌ» ተብሎ የቤተሰብ ስም ይከተላል። የእኔ የቤተሰብ ስም ያው የአባቴ ስም ነው። ስለዚህ ለወራት ያህል በየደጁ በአባዬ ስም ስጠራ ከረምኩ።

የመጀመሪያው ገናዬ 2018 ነው። ያኔ ወደ ቤት የሚደወለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በመዘጋጃ ቀናችን (የግል ጉዳያችንን በምናሰናዳበት ቀን)፣ በኢሜይል ያልቃል። ዲሴምበር 25 ማክሰኞ ዋለ። የሚሲዮን መሪያችን 45 ደቂቃ ፈቀዱልን። በዕድሜ የገፉ አንዲት ምእመን ኮምፒውተራቸውን አዋሱን፤ ሳሎናቸው ውስጥ ወንበር አስተካክለው፣ ጉልበቴ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ጓደኛዬ አልወጣችም፤ ደንቡም አይፈቅድላትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መጽሐፍ ገለጠች። 45ቱን ደቂቃ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ነበረች።

እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። የምናገረውን 14 ነጥብ አድርጌ በትንሽ ወረቀት ጽፌያለሁ። ምንም አልረዳኝም። ጥሪው ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው የአባዬ ግንባር ነው። ግንባሩና የጣሪያው አምፖል። «ትሰሚያለሽ?» ብሎ ጮኸ፤ ርቀቱን በጉሮሮው ሊሸፍነው አስቦ መሰለኝ። ከኋላው ስምንት ሰው ተጋፍቷል። እማዬ በስሜ ጠራችኝ፣ በቤት ስሜ። ወረቀቱን እዚያው ነው የረሳሁት።

ከዚያ መደራረቡ ጀመረ። ሁሉም እኩል ይናገራል፣ እኩል ያቆማል፣ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ይባባላል፣ ደግሞ እኩል ይጀምራል። ይሄ የቤተሰባችን ጠባይ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ አፍ ወጥቶ ሌላው ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ሰው ተራውን መለየት ይከብደዋል። የእኛ ምን ያህል እንደዘገየ በሳቁ ነው ያወቅሁት፤ ቀልዴን ጨርሼ፣ አፍሬ፣ ወደ ሌላ ወሬ ከተሻገርኩ በኋላ ነበር የሚስቁት። መፍትሔው ከቴክኖሎጂ ጋር አይገናኝም፦ አንድ ሰው ስልኩን ይያዝና ተራ ይስጥ። በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የሚቀበል ሰው አልተገኘም።

ወደ ሠላሳኛው ደቂቃ ግድም ወሬው አለቀ። የሚገርም ነው፤ ለወራት የጠበቅሁት ጥሪ ላይ የምንለው አጣን። እኔም «እስቲ ሁላችሁም ዝም በሉ፣ ቤቱን ልስማው» አልኩ። ዝም አሉ።

ምንም የለም። ቤቱ ድምፅ አልነበረውም። ስክሪኑ ላይ የእህቴ ልጅ፣ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ጠረጴዛውን በማንኪያ ይደበድባል። ማንኪያው ሲወጣና ሲወርድ ይታየኛል፤ ድምፁ የለም። ከኋላ አጎቴ በሩን ዘግቶ ሲገባ አያለሁ። ያ በር ሲዘጋ የሚያሰማውን ሲጥታ ዓይኔን ጨፍኜ ላወጣላችሁ እችላለሁ፤ ግን አልመጣም። «ልጄ፣ አለሽ? ተቋረጠ መሰለኝ» አለች እማዬ። በእሷም በኩል ልክ እንደዚያው ጭጭ ብሏል።

ያኔ መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነበር። መስመሩ ደህና ነበር። መተግበሪያዎቹ የተሠሩት እንዲህ ነው። የሰውን ንግግር ከሌላው ድምፅ ይለዩና ሌላውን «ረብሻ» ብለው ይቀንሱታል፤ ማንም የማይናገር ከመሰላቸውም ጭርሱን መላክ ያቆማሉ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ኦፐስ የተባለው የድምፅ ማመቂያ፣ በ2012 ደረጃ የወጣለት፣ በሰከንድ ከ6 ኪሎቢት ጀምሮ እስከ 510 ኪሎቢት ድረስ መሥራት ይችላል። ጨዋ ሥራ ነው፤ ደካማ መስመር ላይም ንግግር ያሻግራል። ነገር ግን ዝምታ ሲያጋጥመው ላለመላክ የሚያስችል ስልትም አብሮት አለ። ለቢሮ ሰው ይሄ በረከት ነው፤ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ማን ይፈልጋል? ለሚሲዮናዊ ግን የተቆረጠው ረብሻ ራሱ ቤቱ ነው።

ከጥሪው በኋላ ጓደኛዬ ዞር ብላ «እሺ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ስንቴ እንደተባለ ልትቆጥር ጀምራ ቁጥሩ ጠፍቶባታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የምትመልስልኝ «እሺ» እያለች ነበር፤ አገባቡ ግን ሁሌም ስህተት።

በፌብሩዋሪ 15፣ 2019 ሕጉ ተለወጠ። የቤተክርስቲያኒቱ ቀዳሚ አመራር ሚሲዮናውያን በየሳምንቱ በመዘጋጃ ቀናቸው በስልክም በቪዲዮም ከቤተሰብ ጋር መነጋገር እንደሚችሉ አስታወቀ፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። የቀድሞ ሚሲዮናውያን «እኛ እኮ በዓመት ሁለቴ ነበር» እያሉ ሲቆጩ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ሁለቱንም ቀምሻለሁና የድሮው ይመለስ የሚለኝን አልሰማም። እማዬ ታማ እንደነበር በኢሜይል፣ ያውም ከዳነች በኋላ የሰማሁ ሰው ነኝ።

ይሁንና አዲሱ ሕግ የ2019ን ገና ክብደቱን ቀንሶበታል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ሰኞ ዲሴምበር 23 ተነጋገርን፣ ረቡዕ ገና ነው። በሁለት ቀን ምን አዲስ ነገር ይመጣል? የቡድን ጥሪ የሚያስተናግድ ሌላ መተግበሪያ ሞከርን፤ እህቴ ከከተማዋ፣ አጎቴ ከቤቱ፣ ሁሉም በየሳጥኑ ገባ። ነፃው አገልግሎት የጊዜ ገደብ አለው። አባዬ ጸሎት ይወዳል፣ ጸሎቱም አጭር አይደለም። ስለ እኔ፣ ስለ ጓደኛዬ፣ ስላስተናገዱኝ ሰዎች ሁሉ ለምኖ ስለ መንግሥታት ሲጀምር ስክሪኑ ጠቆረ። አሜን ሳይባል። ተመልሰን ገባን፤ አባዬ ካቆመበት ቀጠለ። ክፉ ገጠመኝ አልለውም፣ ግን ነፃውን የምትጠቀሙ ጸሎቱን አስቀድሙት።

የዚያ ገና ስጦታዬ የመጣው ማታ ነው። እማዬ የድምፅ መልእክት ልካ ነበር፣ 11 ደቂቃ። ሰባቱ እሷ ናት፦ ምርቃት፣ ምክር፣ «ካልሲ ደራርቢ»። ከዚያ መቅጃውን ማቆም ረስታ ስልኩን አንድ ቦታ አስቀመጠችው። አራት ደቂቃ ቤቱ ነው። ሳህን ይደረደራል። አባዬ አንድ ነገር ጠፍቶበት ይፈልጋል፣ እማዬ «እፊትህ ነው» ትላለች። የእህቴ ልጅ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ያለቅስ እንደሆነ ለማየት ቤቱ ዝም ይላል፣ አያለቅስም። በሩ ሲጥ ይላል። እስክመለስ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልናገርም። ጓደኛዬ (አዲስ ናት፣ የመጀመሪያዋ ተቀይራለች) «ምን እያሉ ነው?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው።

እንግዲህ ያቺን ማስተካከያ ያገኘኋት ከዚህ ተነስቼ ነው። ታናሽ ወንድሜ በተራው ወጣ፤ ገና 2024ን እኛ ቤት ሆነን ጠበቅነው። እኔ ቀደም ብዬ ስልኮቹን ሁሉ ሰብስቤ ተቀመጥኩ። በአይፎን ከሆናችሁ፣ ጥሪ ላይ እያላችሁ የመቆጣጠሪያ ማዕከሉን ክፈቱና የማይክ ምርጫው ላይ «ዋይድ ስፔክትረም» የሚለውን ንኩ፤ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን የዙሪያውን ድምፅም የሚያሳልፈው እሱ ነው። ከ2021ዱ አይኦኤስ 15 ጀምሮ አለ፤ የማይደግፉት መተግበሪያዎች ስላሉ አስቀድማችሁ ሞክሩ። በዙም ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባል አለ፤ ለሙዚቀኞች ነው ያዘጋጁት፣ የእኛን ቤት ማን ነገራቸው? በላኪው በኩል ነው የሚከፈተው፤ ማለትም ሚሲዮናዊው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው መንካት ያለበት። ይህን ባለማወቅ ወንድሜን ሃያ ደቂቃ «አንተ ጋ ክፈተው» እያልኩ አደከምኩት።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፣ የሚቀመጥ ዕቃ ሁሉ መድፍ ይሆናል። መደርደሪያ ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ዝቅ አድርጉት። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስልክ አንድ ጥሪ ላይ ከገባ ያፏጫል። ስካይፕን የሚመክሩ የድሮ ሚሲዮናውያን ካጋጠሟችሁ፣ በ2003 ተጀምሮ በሜይ 2025 ተዘግቷልና አትድከሙ። የሰዓት ልዩነቱን ደግሞ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በቀንም ተነጋገሩበት፤ እላይ ሰሜን ክረምት ሲሆን ደቡቡ በጋ ላይ ነውና አንዳንድ አገሮች ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ገፍተው ይጠብቋችኋል። ገና ቀድሞ የሚገባባት ኪሪቲማቲ የምትባል የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ናት፤ ስሟ ራሱ በአገሬው አጻጻፍ «ክሪስማስ» ማለት ነው፣ ካፒቴን ኩክ በ1777 ለገና ዋዜማ ስለደረሰባት። ወንድሜ እዚያ ቢመደብ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ለወሬ ይመቻል።

በዚያ ገና ወንድሜ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ከሲታ ሆኗል፣ ክራቫቱ ተጣሟል። አባዬ እንደ ልማዱ ጮኸ። ወሬው ሠላሳ ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ እንደ እኔው አለቀበት። «ካሜራውን አጥፋውና ስልኩን አጠገብህ አድርገው፣ እኛ ሥራችንን እንሠራለን» አልኩት። «እና ምን ላድርግ?» «ምንም አታድርግ።»

ተነሳን። እማዬ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የእህቴ ልጅ፣ አሁን ስምንት ዓመቱ፣ አባዬን በዳማ እያሸነፈው ይጨቃጨቃሉ። አጎቴ ገባ፣ በሩ ሲጥ አለ። ከመደርደሪያው ላይ የወንድሜ ድምፅ መጣ፦

«ይሄን በር እስካሁን ዘይት አልቀባችሁትም?»

«እንዳትቀቡት» አለ ወዲያው።