የልጆች ችሎት ያየሁት፣ ልጅ ያላችሁ አንብቡት

የእህቴ ልጅ ከጓደኛው ጋ ስልክ ነጥቃችኋል ተብሎ ተይዞ ለህፃናት ተስማሚ የሚባለው ችሎት ይዤው ስመላለስ ነበር፣ የቱ ፍርድ ቤት እንደሆነ ይቅር ብቻ አዲስ አበባ ነው። ለችሎቱ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ከችሎቱ በፊት ላለው ግን 1ም ይበዛበታል።

ክፍሉ ቢሮ ነው የሚመስለው። ካባ የለበሰ የለም፣ ዳኛዋ ከኛው ጋ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብላ ነው የምትሰማው፣ በዝግ ስለሆነ ደግሞ ወሬ ለቃሚ አይገባም። ሶሻል ወርከሯ ቤቱንም ትምህርት ቤቱንም ቀድማ አጣርታ መጥታለች። ልጁ ሲያወራ ሲያወራ ቆይቶ ወደኔ ዞሮ «አክስቴ፣ ዳኛዋ መቼ ነው የምትመጣው?» አይለኝም! ሴትየዋ ራሷ ሳቀች። በተግሳፅና በክትትል አለቀ፣ ክፍያ የሚባል ነገር የለም።

ፖሊስ ጣቢያው ነው እንጂ ያቃጠለኝ። ህፃን ሲያዝ ወዲያው ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው ህግ እኮ ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፣ ህገ መንግስቱም አንቀፅ 36 ላይ ከአዋቂ ተለይተው ይያዙ ይላል፣ እነሱ ግን ከጎረምሳ ጋ አሳደሩት። 14 ዓመቱ ነው ስል መርማሪው «ቁመቱን አላየሽም እንዴ» አለኝ። የልደት ሰርተፍኬት የለው፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ራሱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው፣ እሱ ያኔ ድክ ድክ ማለት ጨርሷል። ያዳነን እህቴ ቁምሳጥን ውስጥ ያቆየችው የክትባት ካርድ ነው። እሱም ባይኖር ሆስፒታል ተልኮ በአጥንት ራጅ ዕድሜ ይገመታል፣ ግምት ደግሞ ግምት ነው፣ ስለዚህ የክትባትም የክርስትናም ካርድ እንዳትጥሉ።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በጓደኛው ነው። እሱ 16 ነው። የ1996ቱ የወንጀል ህግ ለህፃን ብሎ የለየው ከ9 እስከ 15 ያሉትን ብቻ ስለሆነ ከዛ በላይ ያለው በአዋቂው ህግ ነው የሚከሰሰው፣ ዳኛው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ይቺ ጠረጴዛ ጋ አይደርስም። አንድ ስልክ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰፈር! እናትየው አሁንም መደበኛው ችሎት በር ላይ ቀጠሮ እየጠበቀች ነው።