ዚፕ፣ ሮድ ራነር ወይስ ሪቪየራ? የእንጨት ሞተር ጀልባ በቤቱ ለሚሠራ ሰው

ጋራዡ ውስጥ የእንጨት ሞተር ጀልባ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመልክ ተማርኮ ነው። በልቡ ያሉት ክሪስ-ክራፍት የተባለው ጀልባ ሠሪ ኩባንያ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊትና በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ይሠራቸው የነበሩት፣ ማሆጋኒያቸው በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ጀልባዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ሦስቱም ንድፎች ያንን መልክ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ በፎቶግራፍ አይምረጡ። ልዩነታቸው ሞተሩ የሚቀመጥበት ቦታና ለገዢው የሚተርፈው ሥራ ነው።

ዚፕ፣ ግሌን ዊት እ.ኤ.አ. በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረተው ግሌን-ኤል የተባለ የጀልባ ንድፍ ድርጅት ሥራ ነው። ርዝመቱ 14 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ወደ 4.4 ሜትር ይጠጋል። ሞተሩ በጣናና በሐዋሳ ሐይቅ ጀልባዎች ላይ እንደምናየው ከኋላ የሚንጠለጠል ነው። ገዢው እጅ የሚገባው ወረቀት ነው፤ የጎድን እንጨቶቹ ቅርጽ በሙሉ መጠኑ የታተመ ስለሆነ እንጨቱ ላይ ገልብጦ መቁረጥ ነው። ትዕግሥት የሚፈተነው ከዚያ በኋላ ነው። ጎድኖቹን ከፊት እስከ ኋላ የሚያያይዙት ረጃጅም እንጨቶች ጠርዛቸው በየቦታው በተለያየ ማዕዘን በመላጊያ መላግ አለበት። አለዚያ ኮምፔንሳቶው ሙሉ በሙሉ አያርፍባቸውም፣ ክፍተትም ይቀራል።

ከዚህ ጣጣ መገላገል የሚፈልግ ሰው ሮድ ራነርን ይመልከት። አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ የሚገኘው ቼሳፒክ ላይት ክራፍት ለዚህ ባለ 17 ጫማ ጀልባ ክፍሎቹን በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ቆርጦ ይልካል። ሠሪው ጠርዝ ለጠርዝ በሽቦ ይሰፋቸዋል፣ መጋጠሚያውንም በኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሾች ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ) እና በፋይበርግላስ ጨርቅ ያስረዋል። የዚህም ሞተር ከኋላ ይንጠለጠላል። ዋጋው ከወረቀት ንድፍ በብዙ ይበልጣል፤ ነገር ግን ወረቀት የገዛውም እንጨቱን ኋላ መግዛቱ ስለማይቀር፣ ሁለቱን የሚያወዳድር ሰው የዚፕን እንጨት ዋጋ ጨምሮ ያስላ።

ሪቪየራም የግሌን-ኤል ንድፍ ነው፤ 20 ጫማ ገደማ ሲሆን ሞተሩ ከውስጥ ነው። እውነት ለመናገር ከሦስቱ እጅግ የሚያምረው እሱ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳለትም ለዚሁ ነው። ችግሩ ሞተር ከውስጥ ሲገባ ሌላ ሙያ ይዞ መምጣቱ ነው። የፕሮፔለሩ ዘንግ የጀልባውን ወለል በስቶ ይወጣል። ዘንጉ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ፊት ለፊት በስስ የክፍተት መለኪያ እየተለካ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል፤ ጀልባው ውኃ ላይ ካረፈ በኋላም እንደገና ይለካል፣ ቅርጹ ትንሽ ይለወጣልና። የቤንዚን ጋዝ ወለሉ ላይ ስለሚተኛ ማውጫ ማራገቢያ ያስፈልጋል። የመኪና ሞተር አለኝ የሚል ሰውም የማስነሻውንና የዲናሞውን ነገር ያስብበት፤ የመኪናው ዓይነት ብልጭታ ስለሚያመልጠው ለጀልባ አይሆንም። ቦታም አለ፦ ባለ 20 ጫማ ጀልባ ተጎታቹ ላይ ሲወጣ ተራ ጋራዥ አይበቃውም።

በእንጨቱ ላይ ገንዘብ አይቆጠብ። ቢኤስ 1088 የሚል ምልክት (የብሪታንያ የጀልባ ኮምፔንሳቶ ደረጃ) ያለው ኮምፔንሳቶ ውስጡ ባዶ ቀዳዳ የሌለበትና ሙጫው ውኃ የማይፈታው ነው። ኦኩሜ ከሚባለው እንጨት የተሠራው ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ስለሚበሰብስ በሁሉም ወገን ኢፖክሲ መጠጣት አለበት። ኢፖክሲውን ደግሞ ፀሐይ ስለሚበላው ላዩ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ይቀባል። በኢፖክሲ ፈንታ በርካሽነቱ የፖሊስተር ሙጫ የሚመርጥ አለ፤ እንጨት ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ አልመክርም።

ለመጀመሪያ ጀልባ፣ መላጊያ ለለመደ እጅ ዚፕን እመርጣለሁ፤ አናጢነት ለማያውቅ ሮድ ራነርን። ሪቪየራን አንድ ጀልባ ጨርሶ ውኃ ላይ ላወጣ ሰው ብቻ። አሜሪካ ያላችሁ የእንጨቱንና የሞተሩን ደረሰኝ አትጣሉ፤ በቤት የተሠራ ጀልባ መለያ ቁጥሩን የሚያገኘው ከግዛቱ ነው፣ ሲመዘገብም ብዙ ቦታ ደረሰኙን ይጠይቃሉ።