አንድ የእጅ ፈትል ጋቢ፣ ከ16 ወር በኋላ

ጋቢውን የተረከብኩት ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። አሁን መጋቢት 2018 ላይ ይህን ስጽፍም ትከሻዬ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ፀሐይ ጥልቅ ስትል ብርዱ ወዲያው ይመጣል። በእነዚህ 16 ወራት ጋቢውን ለብሼዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ፣ ቀድጄዋለሁ፣ አስጠግኜዋለሁ። ሌላውን ልብሴን የምገዛበትንም መንገድ ቀይሮብኛል። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ፣ ድካሙንም ጭምር፣ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ጳጉሜን ነው። ለአዲስ ዓመት ቤት ስናጸዳ ቁም ሳጥኔን አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ካልሲና የውስጥ ልብስ ሳይጨምር 31 ልብስ ሆነ። ከነዚህ ውስጥ በዚያ ወር የለበስኳቸው 9 ብቻ ነበሩ። የቀሩት አንገታቸው የተለጠጠ ሹራቦች፣ ዚፑ የማይዘጋ ጃኬት፣ አንዴ ታጥቦ ያጠረ ሱሪ፣ በበዓል ዋዜማ ግርግር ሳልለካ የገዛኋቸው ሸሚዞች ናቸው።

አክስቴ ከቢቸና ለበዓል መጥታ ነበር። ክምሩን ትንሽ አየችና «የክትህ የቱ ነው? የአዘቦትህስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ይህን ጥያቄ ለብዙ ቀን አሰብኩት። እሷ ቤት ልብስ መንገድ አለው። አዲሱ የክት ይሆናል፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ይወጣል። ሲያረጅ ወደ አዘቦት ይወርዳል። የአዘቦቱ ሲሳሳ ለሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ መወልወያ። እያንዳንዱ ልብስ ቀጣይ ሥራ አለው። የእኔዎቹ 31 ልብሶች ግን ሁሉም መሐል ላይ የቆሙ ነበሩ። ለክት አይከበሩም፤ ለአዘቦት አይበረቱም።

በጣም የቆጨኝ ጃኬቶቹ ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ገዝቻለሁ። የመጨረሻውን በ1,900 ብር ነበር የገዛሁት። ገበሩ ተተረተረ፣ ዚፑ ተበላሸ፣ ሰፊው ዘንድ ብወስደው «ጨርቁ ስፌት አይዝም» ብሎ መለሰልኝ። ቢበዛ 40 ጊዜ ብለብሰው ነው። አንዱ ቀን 47 ብር ከ50 ሳንቲም ወጣበት ማለት ነው። እንዲህ አስልቼ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አንድ የሚሞቅ ነገር፣ ግን እድሜ ያለው፣ ልግዛ ብዬ ወሰንኩ። ጋቢ ታሰበኝ። አባቴ አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ ያየሁት ዓመት ከዓመት ነው። ያችው አንዲት ጋቢ ነበረች።

ገበያ ወጣሁ። ሦስት ሱቅ ገብቼ ሦስት ጋቢ ያዝኩ። ሦስቱም ነጭ፣ ሦስቱም ለስላሳ፣ ሦስቱም «ንጹሕ ጥጥ» ተብለው የሚሸጡ ነበሩ። አክስቴ ያስተማረችኝን ሞከርኩ። ባለቤቱን አስፈቅዶ ከዘርፉ ጫፍ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ የሚተወውም በጣት ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ያለበት ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ከሦስቱ የሁለቱ ክር ቀለጠ። ሦስተኛው ጥጥ ነበር፤ ግን ወደ ብርሃን ስይዘው ሽመናው ሳስቶ ከማዶ የቆመውን ሰው ያሳያል።

የፋብሪካ ጨርቅ ጠላት አይደለሁም። እናቴ እኔ ተማሪ ሳለሁ የገዛችው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንሶላ ዛሬም አልጋ ላይ ይነጠፋል። ጥሩ ጥጥ ከየትም ቢሠራ ጥሩ ጥጥ ነው። የከፋኝ ቀልጦ እንክብል የሚሆን ነገር በጥጥ ስም መሸጡ ነው።

በመጨረሻ ማሠራት እንደሚሻል አክስቴ ነገረችኝ። «ጥጡን አምጣልኝ፣ ፈትሉን ለእኔ ተወው» አለች። ከጎረቤቶቿ ጋር ተካፍለው ፈተሉት። ጥጡ ፍሬው ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ አመልማሎ ይጠቀለላል፣ ከዚያ እንዝርት ላይ ይወጣል። ሁለት ቅዳሜ አብሬያቸው ተቀምጬ አየሁ። አንዲት ልቃቂት ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ ያየ ሰው ጋቢ ተወደደ ብሎ የሚከራከር አይመስለኝም። እኔ ከዚያ ወዲህ ተከራክሬ አላውቅም።

ድሩ፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረው፣ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ፣ በአግድም የሚገባው፣ የእጅ ፈትል። እዚህ ያሉ ብዙ ሸማኔዎች እንዲህ ይሠራሉ፤ ድሩ ሲወጠር ስለሚጎተት እኩል የተፈተለ ጠንካራ ክር ይሻል። ሙቀቱ ግን ያለው ማጉ ላይ ነው። የእጅ ፈትል አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ያ አለመስተካከሉ አየር ይይዛል። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። በድርቦቹ መሐል የሚቀረው አየር ነው የሚያሞቀው።

ፈትሉ ሰባት ሳምንት ወሰደ። ሸማኔው ግን በአራት ቀን ጨረሰው። ወጪውን ልንገራችሁ፦ ጥጥና ድር 1,400 ብር፣ ለፈታዮቹ 1,500፣ ለሸማኔው 1,300፤ በጠቅላላ 4,200 ብር። ሸማኔው ሲያስረክበኝ የተረፈውን ማግ በትንሽ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ምን ያደርግልኛል ጋሼ?» ስለው «አስቀምጠው ልጄ፣ ቀን አለው» አለኝ። ቀኑ መጣ፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ብዙም አልወደድኩትም። ከባድ ነው። አዲስ ሳለ ሸካራ ነው፤ አንገቴን ይከረክረኝ ነበር። ከሦስተኛው እጥበት በኋላ ለሰለሰ፣ ክሮቹም ተጠጋጉ። አንድ ስንዝር ያህል አጥሯል። ሸማኔው ይህን አስቀድሞ ስለነገረኝና ርዝመቱን ስለጨመረበት አላጠረብኝም። ማሠራት ካሰባችሁ ይህን ጠይቁ።

አሁን ስለ ትልቁ ጥፋት። ሚያዝያ 2017፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ጋቢውን አንድ የልብስ እጥበት ቤት ሰጠሁት። በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈውታል። ጥለቱ ለቆ ነጩ ላይ ሮዝ ቀለም ተረጨ፤ በአንድ ጠርዝ በኩል ክሩ ሳስቶ በጥፍር ሲነኩት ይበጠሳል። «ነጭ እንዲሆንልህ ብለን ነው» አሉኝ። ካሣም ይቅርታም አልነበረም። ሰባት ሳምንት የተፈተለ ነገር በአንድ ከሰዓት እንዲህ ሲሆን ማየት በጣም አሳዘነኝ። በረኪና ቆሻሻውን ብቻ አይበላም፤ ጥጡን ራሱን ይበላል። ጥጥ በምንም ምክንያት በረኪና ውስጥ አታሳድሩ።

ከዚያ ወዲህ የማጥበው በእንዶድ ነው። የደረቀው ፍሬ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ሲመቱት አረፋ ይሠራል። አረፋውን የሚያመጣው ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው። ሰፋ ያለ ገንዳ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ጋቢውን ነክሬ በእግሬ እረግጠዋለሁ። አላሸውም፤ አልጠመዝዘውም። ሮዙ እድፍ በአራት እጥበት ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ነጩም እንደ ሳሙና ማስታወቂያ የሚያብረቀርቅ አይደለም፤ የወተት ነጭ ነው። እኔ የምወደው ይህን ነው።

ስለ እንዶድ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለአጣቢ ሰው ይጠቅማልና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩና ነገሩን ያጠናሉ። እንዶድ የቢልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት እሳቸው ናቸው። ግን ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ያጠባችሁበትን ውሃ ወንዝ ውስጥ አትድፉ። እኔ ጓሮ፣ ከአትክልቱ ራቅ አድርጌ እደፋዋለሁ።

የጋቢ ዋናው ድካም ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ፋታ የለውም። የታጠበ ጋቢ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ አራት ድርብ ነዋ። አንድ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ደርቋል ብዬ አጥፌ አስቀመጥኩት። ሻገተ፣ ሸተተ፣ እንደገና ታጠበ። ስለዚህ ክረምት ላይ የማጥበው የሚያበራ ጠዋት ሳይ ብቻ ነው፤ በዚያ መሐል የምለብሰው አንድ ወፍራም ሹራብ አስቀርቻለሁ። ጋቢ ብቻውን ይበቃኛል ብሎ ክረምትን የሚጀምር ሰው ይቸገራል።

ጭቃም አለ። ነጭ ነገር ለብሶ የክረምት መንገድ መሄድ አሳብ ነው። ባጃጅ ወይም ሞተር ላይ ስትወጡ ደግሞ ዘርፉን ሰብስባችሁ ጭናችሁ ሥር አድርጉት። ጎማ ውስጥ ከገባ ሰው ይጎዳል። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው።

ሥራ ቦታ አለብሰውም። አስተማሪ ነኝ፤ በጋቢ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ አይመችም። ባሕር ዳር ስሄድም ቦርሳ ውስጥ ነው የሚቆየው። እዚያ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በሚያዝያ ሙቀት ነጠላም ይበቃል። አባይ በረሃ ስትወርዱማ ጭራሽ። ጋቢ የደጋ ልብስ ነው።

የተረፈው ማግ ቀኑ የመጣው ነሐሴ 2017 ነው። የአጥር ምስማር ያዘውና የላይኛው ድርብ ሦስት ጣት ያህል ተቀደደ። አክስቴ ያንን ማግ አንዱን ክር ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች እያሳለፈች ጠቀመችልኝ። ከዚያው ከአንድ ጥጥ ስለሆነ ቀለሙም ውፍረቱም ገጠመ። ቦታውን እኔ ስለማውቀው ብቻ ነው የማገኘው። በበረኪና የሳሳውን ጠርዝም አጥፋ ሰፋችው። ጃኬቱን ሰፊው «ስፌት አይዝም» ብሎ የመለሰብኝን ቀን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

እስካሁን 350 ጊዜ ያህል ለብሼዋለሁ። 4,200 ብር ለ350 ሲካፈል 12 ብር ነው፤ በየቀኑ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ከ10 ስምንት ተኩል እሰጠዋለሁ። አንዱን ተኩል የወሰደው ክረምቱ ነው።

ቁም ሳጥኔ ውስጥ አሁን 13 ልብስ አለ። ከወጡት ደህና ደህናዎቹን ለዘመድ ልጆች ሰጠሁ፤ የቀሩት ለልዋጭ ሄዱ። በ16 ወር ውስጥ የጨመርኩት አንድ ካኪ ሱሪ ነው። እሱንም ከመግዛት ይልቅ አሰፋሁት። ሰፊውን ሁለት ነገር ለመንኩት፦ ከኋላና ከእግሩ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ እንዲተውልኝ፣ መቀመጫውን ደግሞ ደርቦ እንዲሰፋው። ስምንት ወር ቆይቼ ወፈር ስል ወገቡን በ20 ደቂቃ አሰፋልኝ። የተገዛ ሱሪ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ትርፉ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጫማዬን ሶሉን አስቀየርኩ። ሌላ የጨመርኩት የለም።

ሱቅ ስገባ አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቢቀደድ ማን ይጠግነዋል? ሻጩ ግራ ከገባው አልገዛም። በዚህ ምክንያት ብቻ ባለፈው ገና ሁለት ሸሚዝና አንድ ጃኬት ሳልገዛ ተመልሻለሁ።

ሁሉም ሰው የምትፈትል አክስት የለውም፤ 4,200 ብርም በአንድ ጊዜ ማውጣት ቀላል አይደለም። እኔም ጥጡን መስከረም፣ የፈታዮቹን ጥቅምት፣ የሸማኔውን ኅዳር ከፍዬ ነው የቻልኩት። የሚፈትል ዘመድ ከሌላችሁ ሸማኔውን ጠይቁት። ፈታዮችን ያውቃል።

ባለቤቴ ጋቢዬን ማታ ማታ እየወሰደችብኝ ስለተቸገርኩ የእሷም ተጀምሯል። በረኪናው ያደረገውን አይታለችና ባለቀለም ጥለት አልፈለገችም፤ ጥለቱም ነጭ በነጭ ይሁንልኝ ብላለች። ጥጡ ተነድፏል፣ አመልማሎው ተጠቅልሎ አክስቴ ቤት በሰፌድ ተቀምጧል። ሸማኔው ከፋሲካ በኋላ ድሩን እወጥራለሁ ብሏል። የሚተርፈውን ማግ እንዳይረሳብን ግን ከወዲሁ ነግሬዋለሁ።